የእናቴ ግላስና የይበልጣል ጽሑፍ

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ይህን የምናገረው አፍሬ አይደለም። ፊደል የለየሁት ባለሱቆች ስኳርና ጨው ከሚጠቀልሉበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ በሃያ ዓመቴ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ጻፍኩ። በእንጅባራና በግምጃ ቤት መካከል ባሉት መንደሮች ፈረስ የታመመበት ሰው ከክሊኒክ በፊት እኔን ይጠይቃል። ዓይኔን ጨፍኜ ኮቴውን ብቻ ሰምቼ የቱ እግሩ እንደሚያመው እናገራለሁ። ያላመነ መጥቶ ይሞክረኝ።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለውን የሰነፍ ሰው እሮሮ አድርጋችሁ እንዳታነቡት ነው።

ባለፈው ክረምት የልጄ ልጅ ሃይማኖት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። የእንስሳት ሕክምና ነው የምታጠናው፤ የመመረቂያ ጥናቷም በጋሪ ፈረሶች በሽታ ላይ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ሲያባራ ወደዚያ ትወጣለች። አንድ ቀን ከላይ ሆና ጠራችኝ።

«አባባ፣ ይምጡ እስቲ፣ ትልቅ ሰው ላሳይዎ!»

እያለከለክሁ ወጣሁ። ስልኳ ላይ መነጽር ያደረገ ሸበቶ ሰው አለ። ከፎቶው በታች የጻፋቸው ጥናቶች ተደርድረዋል። በጣቷ ወደ ታች ብትስብ፣ ብትስብ አያልቅም። ስለ ከብት በሽታ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በሽታ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ወተት ሁሉ ጽፏል። ከእያንዳንዱ ጎን ቁጥር አለ።

«ቁጥሩ ምንድነው?» አልኳት።

«ስንት ሌላ ተመራማሪ ይህን ጽሑፍ ጠቅሶ እንደጻፈ ነው። በእኛ ሙያ እሱን ሳይጠቅሱ ስለ ፈረስ መጻፍ አይቻልም። ከሁሉ የበለጠ የተጠቀሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጽሑፉ ነው። እንዲያውም ስለ እኛ አገር ነው!»

ፎቶውን አስጠግቼ አየሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው።

«ይበልጣል» አልኩ።

«ያውቁታል እንዴ?»

«ደብተሬ እሱ ዘንድ ነው።»

ይበልጣል ወደ መንደራችን የመጣው እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ክረምቱ የከፋ ነበር። ጭጋጉ ከጥርባ በኩል እየተንከባለለ መጥቶ ቀርከሃውን ሲውጠው ከጎረቤት ቤት እንኳ ጭሱ እንጂ ጣራው አይታይም። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። በዚያ ጭቃ ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት የከተማ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ደጃችን ቆመ። የፈረስ በሽታ ሊያጠና ከከተማ የተላከ ነበር። እድሜው ከእኔ እኩል ነው። አማርኛ እንጂ አዊኛ አይችልም፤ የመንደራችን ሽማግሌዎች ደግሞ ስለ ፈረሳቸው የልባቸውን የሚናገሩት በአዊኛ ነው። ስለዚህ ያለ እኔ አንድ ቤት መግባት አይችልም ነበር። እናቴ የተቀቀለ ድንች ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችለት። በላ፣ አላበው፣ አለቀሰ፣ ደግሞ ጠየቀ። በዚያው እኛ ቤት ከረመ።

በሽታው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር እንደ ባቄላ ያለ እብጠት ይወጣል። ከዚያ እብጠቱ ሰልፍ ይዞ ይወርዳል፣ ይፈነዳል፣ መግል ያዥጎደጉዳል። ፈረሱ ከስቶ ከስቶ በመጨረሻ ይወድቃል። ገሚሱ ሰው የዓይን ጥላ ነው ይላል፤ ገሚሱ ከረግረጉ ውኃ ነው ይላል።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ስጽፈው ቆይቻለሁ።

በእኛ አገር ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ ፈረስ አይደምቅም፤ ፈረስ ደግሞ ያለ ግላስ አደባባይ አይወጣም። ግላስ ከኮርቻው ጋር የፈረሱን ጀርባና ጎን የሚያለብሰው ባለ ጥልፍ ጨርቅ ነው። ጥሩ ግላስ በየቤቱ አይገኝም። ስለዚህ የደገሰ ሰው ይዋሳል፤ የተጠየቀም ይሰጣል። ግላስ መንፈግ ሬሳ አልሸኝም እንደ ማለት ነው። በአካባቢው የታወቀው ግላስ የእኛ ነበር። እናቴ ለሠርጓ የጠለፈችው፣ ቀይና ቢጫ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል ያለው። ከአዲስ ቅዳም ድረስ መጥተው ይዋሱታል።

የጠረጠርኩት ከሁለት ወንድማማቾች የአንዱ ፈረስ ሲታመም ነው። ሁለቱ ፈረሶች አብረው ይግጣሉ፣ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፤ አንዱ ታመመ፣ አንዱ ደህና ሆነ። ውኃ ከሆነ ለምን ሁለቱንም አልያዘም? የታመመው ከሁለት ወር በፊት የተዋሱትን ግላስ ለብሶ ሙሽራ ያመጣው ነው። እብጠቱም የጀመረው የግላሱ ጠርዝ በሚፈትገው ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ከማን ተዋሰ፣ ለየትኛው ሠርግ፣ እብጠቱ መቼ ወጣ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። የአዊኛውን ቃል ሳይቀር በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ደብተሩን ዘርግቼ ብከታተል፣ ብከታተል፣ መንገዱ ሁሉ የሚያልቀው እኛ ቤት ነው። ደብተሩን ከአልጋዬ ሥር ቀበርኩት። ፈሪ አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ።

ለይበልጣል አሳየሁት። ገበሬ ለገበሬ የማያሳየውን ነገር ለእንግዳ ያሳያል። በአንድ ቁጭታ ጨረሰው። የያዘው ቆሎ ከመዳፉ እየተንጠባጠበ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ አንለይ፣ ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል?»

«እኔ አራት ዓመት ቁጭ ብዬ ተምሬ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልቻልኩም።»

«ቁጭ ብለህማ አይታይም። ፈረስ ቆመው ነው የሚያዩት።»

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ይህ በሽታ በዓለም ሁሉ አለ። ያንተን ነገር ጽፈን እናወጣዋለን። ስማችን ጎን ለጎን ይሆናል፤ የኔ ቀድሞ፣ ያንተ ቀጥሎ።»

«ለምን ያንተ ይቀድማል?»

«እሺ ያንተ ይቅደም፣ አንተ ኩራተኛ!» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ተጨባበጥን። «ግን አስቀድመህ ለሰው ተናገር። ዝም ባልክ ቁጥር ሌላ ፈረስ ይሞታል።»

እውነቱን ነበር። ይህን አልክድበትም።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰውን አስቁሜ ተናገርኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ፈንታ ከፊት ቆመው ነበር። ለልጃቸው ሠርግ የእኛን ግላስ ተውሰው ዳማ ፈረሳቸው በአራተኛው ወር ሞቶባቸዋል።

«እና ዳማዬን የበላው የእናንተ ግላስ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ ፈንታ።»

«የአባትህን ጉልበት ስሜ እኮ ነው የወሰድኩት! አመስግኜ!»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግላሱን ደጃችን አውጥቼ ጋዝ አርከፍክፌ አቃጠልኩት። ዛጎሉ እንደ ሽምብራ እየፈነዳ ይጮኽ ነበር። እናቴ ከቤት አልወጣችም። ይበልጣል አጠገቤ ቆሞ ይጽፋል። አንዲት ጎረቤት «ኧረ ይሄ ሰው በለቅሶ ላይ ምን ይከትባል?» ስትል ሰማሁ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ግላሳችንን ብናጣም ምክንያቱ ከነስሜ ተጽፎ ይቀራል ብዬ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ልሸኘው እንጅባራ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ለብሷል፤ የእርጥብ ሣር ሽታ አፍንጫ ይሞላል። መኪናው ሊነሳ ሲል ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ግልባጭ የለኝም፤ ግልባጭ መያዝ አደራ የሚበላ ሰው ላለበት አገር ነው ብዬ አስብ ነበር።

«ለመስቀል ይዤው እመጣለሁ» አለ በመስኮት። «ስምህን ታየዋለህ።»

መስቀል አለፈ። ጥምቀት አለፈ። መንደሩን ሁሉ ስሜ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው ብዬ ነግሬ ስለነበር በግምጃ ቤት ገበያ መሳቂያ ሆንኩ። «አንለይ፣ ደብተርህ ባሕር ተሻገረ እንዴ?» ይሉኛል። «ስምህ መኪና አጥቶ ነው?» ይላል ሌላው። በሁለተኛው ዓመት ዳንግላ ድረስ ሄጄ መሥሪያ ቤቱን ጠየቅሁ፤ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል አሉኝ። ተመልሶ ይልክልኛል ብዬ ጠበቅሁ። መጠበቅ ያቆምኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ምናልባትም አላቆምኩ ይሆናል።

ሃይማኖት ይህን ሁሉ ጉብታው ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከፍታ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች አነበበችልኝ። መግቢያው የአካባቢው ባለፈረሶች ስለ በሽታው መተላለፊያ ምንም እውቀት እንደሌላቸው፣ የዓይን ጥላ ነው ብለው እንደሚያምኑ ይናገራል። ቀጥሎ ተመራማሪው ባደረገው ክትትል የበሽታው መንገድ ለሠርግና ለለቅሶ የሚዋሱት ግላስ መሆኑን ደረሰበት ይላል። ሁለቱ ወንድማማቾች አሉ። የጠርዙ ፍትግታ አለ። የጋሼ ፈንታ ዳማ ያለ ስም፣ እንደ አንድ ፈረስ አለ። እኔ የለሁም። መጨረሻ ላይ ምስጋና አለ፤ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለአለቃው፣ ለመኪናው ሾፌር ሳይቀር። መኪናው እኮ መንደራችን ደርሶ አያውቅም፤ ጭቃው አያስገባውም ነበር።

ስሜ ተረስቶ ቢሆን እችለው ነበር። የተሰረቀ ሰው ቢያንስ ነበረው ይባላል። እሱ ግን እውቀቴን ወስዶ እኔን አላዋቂ ብሎ ጻፈኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲጠቅሰው የኖረው አለማወቄን ጭምር ነው።

ሃይማኖት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አሁን ያደረግሁትን ልቁጠር፤ ሌላ የሚቆጥርልኝ የለም።

ፊደል ራሴን አስተማርኩ። የበሽታውን መንገድ ከተማረው በፊት አየሁ። የእናቴን ግላስ በእጄ አቃጠልኩ። ጋሼ ፈንታን በሦስተኛው ዓመት ታረቅኋቸው፤ ሲሞቱም ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። በደብራችን ግላስ መዋዋስን አስቀረሁ፤ ዛሬ ለሠርግ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ የሌለው አንሶላ ያለብሳል፣ ወጣቶቹም ከድሮ ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። ያ በሽታ ከመንደራችን ፈረስ ከገደለ ቆይቷል።

ሃይማኖት ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ስትል ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ይህን ጽሑፍ በጥናቴ ልጥቀሰው ወይስ ልተወው?»

«ጥቀሺው» አልኳት። «አንብበሽልኝ የለ? ከመግቢያው በቀር አንድ ስህተት የለበትም። በደንብ ነው የሠራሁት።»