እትዬ ብርሃኔና ተጠባባቂው በረኛ

ፌርፋክስ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ በምሠራበት ሬስቶራንት ራያን የሚባል ግዙፍ ፈረንጅ ደንበኛ አለን። የበረዶ ሆኪ ተጠባባቂ በረኛ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርሃኔ በጣም ስለሚወዱት በመጣ ቁጥር ያጎርሱታል።

አንድ ቀን፣ ‹‹ሥራው ምንድን ነው? እስቲ ጠይቅልኝ›› አሉኝ።

‹‹መቀመጥ›› አለ ራያን። ‹‹ሌሎቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ የተጠባባቂዎቹን መቀመጫ በር እከፍትላቸዋለሁ።››

ተረጎምኩላቸው።

‹‹ውይ ልጄን! ይሄን የሚያህል ሰው በር ከፋች?››

እትዬ ጴንጤ ናቸው። እዚያው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው፣ ‹‹ጌታ ሆይ፣ አስገባው!›› እያሉ ጮኸው ጸለዩለት። ደንበኛው ሁሉ ማላመጥ አቆመ። ራያን ግን ጉርሻ የሚመጣ መስሎት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

በሳምንቱ እየሳቀ መጣ። ‹‹ገባሁ! ዋናው በረኛ ጉልበቱን ተጎዳ!››

እትዬ ክው አሉ። ‹‹ይሄን አስገባው አልኩ እንጂ ያንን ስበረው አልኩ? የሰው ልጅ!›› ብለው ለዋናው በረኛ ጾም ጸሎት ያዙ። ይህንንም የቀደመውንም ጸሎት ለራያን ተረጎምኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ራያን አንገቱን ደፍቶ ገባ። ‹‹ሰውዬው ዳነ። ዶክተሮቹ ራሳቸው ገርሟቸዋል።››

እትዬ ‹‹ሃሌ ሉያ!›› እያሉ ከኪችን ወጡና እጃቸውን ዘርግተው ተጠጉት።

ራያን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ በአማርኛ ጮኸ፦

‹‹ጉርሻ ብቻ!››