ወፏ እስክትሄድ የተዘጋ ሳር

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አምቦ መናኸሪያ

ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ አንዲት ብርቅዬ ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ ፍለጋ እየሄድኩ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚስቴ ለሰው ሁሉ ስለምታወራው ግን ልቅደማት። አንድ ጓደኛዬ ከፈረንጅ ድረ ገጽ አንብቦ "ወፏ የምትታየው በስምንተኛው ወር ነው" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪው ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩና ሚያዝያ ላይ ሄድኩ። ረግረጉ ደርቆ ከብት ተኝቶበት ነበር። ለካ ስምንተኛው ወር የነሱ ነው፣ ነሐሴ!

አሁን መስከረም 3 ነው። ወፏ በክረምት መጥታ ትፈለፍላለች፣ ዝናቡ ሲያባራ ትሄዳለች። "ጭቃው ይቅለል" እያልኩ ነሐሴን አሳልፌአለሁ። ዛሬ ካላየኋት ዓመት መጠበቅ ነው።

2 ሰዓት፣ ጊንጪ

ጋቢና ነበር የተቀመጥኩት። ሹፌሩ ቦት ጫማዬን አየና ጠየቀኝ።

"መምህር፣ እርሻ ገዛህ እንዴ?"

"ወፍ ለማየት ነው።"

"ምን ታደርጋታለህ?"

"አያታለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እመለሳለሁ።"

ሹፌሩ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ነገሩን በኦሮምኛ ለተሳፋሪው አሰማ። ሚኒባሱ እስከ ጊንጪ ሲስቅብኝ መጣ።

ጊንጪ ላይ ቅቤው እጅ ላይ የሚወርድ ጨጨብሳ በላሁ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃው ሲጀምር ቆመ። "ከዚህ በኋላ በእግር ነው፤ ባጃጄ ዋና አይችልም" አለኝ ባለቤቱ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜም ወደቅሁ።

4 ሰዓት፣ ረግረጉ ዳር

የሳሩ ጠባቂ ኦቦ ዳባ ይባላሉ። ስልሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ቡልቴ ባርሲሳ! ያ በበጋ የመጣኸው አይደለህም እንዴ?"

"እንዴት አደርክ መምህር" ማለታቸው ነው። ጉዴን የሚያውቀው አምቦ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ደንቡን አስረዱኝ። የአካባቢው ገበሬዎች ወፏ ሳትሄድ ከብት ላያስገቡ ተስማምተዋል። ችግሩ ምስክር ነው። "ከብት ያለው ሰው ወፏ ሄዳለች ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ከብት የሌለው እንግዳ ይይ ተባለ። አንተ ላም አለህ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ዛሬ ዳኛው አንተ ነህ።"

አንድ ደብተር አሳዩኝ። "አልታየችም" ብዬ ከጻፍኩ ሳሩ ነገ ይከፈታል። "ታየች" ካልኩ አንድ ሳምንት ይቆያል።

አጠገባቸው ላማቸው ታስራለች። ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ጎድኗ ከሩቅ ይቆጠራል። ዙሪያው ሁሉ ጤፍ ነው፣ የግጦሽ መሬት የለም። ጥጃው ጡቷን ይጎትታል፣ የሚወርድለት ነገር ግን ትንሽ ነው።

"አትቸኩል፣ ደህና አድርገህ እይ" አሉኝ። ቀጥለውም "ደግሞ አልታየችም ማለት ነውር አይደለም" አሉ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ውሃው ውስጥ

ውሃው ቦቴ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። አልቅት አንዴ ነክሶኛል። በሩቅ ማሳያ መነጽሬ ዳክዬ አየሁ፣ ጋጋኖ አየሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደግሞ ሳር አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ "ባትኖርስ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ባትኖር ሁላችንም እንገላገላለን።

ያኔ ወጣች።

የዶሮ ጫጩት ታክላለች። ሳሩ መሐል ያለችውን ክፍት ቦታ በሩጫ አቋረጠች፤ ክንፏን ስታነሳ ነጩ ታየኝ። ከኋላዋ ሁለት ጥቋቁር ጫጩቶች እየተደነቃቀፉ ተከተሏት። በቃ፣ ይኸው ነው። እንባዬ መጣ። ለአንዲት ወፍ ማልቀሴን አምቦ ባይሰማ ይሻላል።

7 ሰዓት፣ ደብተሩ ፊት

ኦቦ ዳባ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ላሟም አብራ የምትጠብቀኝ መሰለኝ። "አል" ብሎ ለመጀመር እጄን ዳድቶት ነበር፣ አልዋሽም።

"ታየች" ብዬ ጻፍኩ።

"ምን አልክ?"

"አለች፣ ኦቦ። ሁለት ጫጩት ይዛለች።"

ወፏን በኦሮምኛ ረገሟት፤ እናቷንም አልማሩም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"መብረር ይችላሉ?"

"ገና ናቸው።"

ሄደው የላሟን ገመድ ፈቱና ፊቷን ከሳሩ አዞሩት። ይቅርታ ልጠይቅ ፈለግሁ፣ ግን ምን ብዬ? የያዝኩትን ዳቦ ሰጠኋቸው፤ ግማሹን ለላሟ ቆረሱላት።

መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ልንለያይ ስንል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"ባርሲሳ፣ ሁለተኛ ስትመጣ በኅዳር ና። መንገዱ ደርቆ ይጠብቅሃል። ላሟም ትታለባለች፣ እርጎ ትጠጣለህ።"

"ወፏስ?"

"እሷማ ያን ጊዜ የለችም" አሉኝ። "ና የምልህ ለዚህ አይደል?"