መሳቅ የተከለከልኩበት ሳምንት

አሁን ሆዴ አያመኝም፤ ስለዚህ ይህንን እንደልቤ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ያን እሁድ ከአክስቴ ቤት፣ ከሁሩሙ ወደ መቱ ስንመለስ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ «ሴቶች ቁጭ በሉ» አለ። እኔ ቁጭ ልል? ወርጄ ከወንዶቹ እኩል ገፋሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ። ሆዴን አንድ ሰው ከውስጥ ጨምድዶ የያዘው ይመስል ነበር።

ያስለቀሰኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ፍየላችን የአጎቴን የሰርግ መጥሪያ ስለበላችበት ቀን የጻፍኩትን ድርሰት የአማርኛ መምህራችን ወዶት፣ ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳነብበው ተመርጬ ነበር። በሕይወቴ ለምንም ተመርጬ አላውቅም።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ሁሩሙ ምን አበሉሽ?» አለች እማዬ።

«ሚኒባስ ገፍቼ ነው።»

«ሚኒባስ በእጅ ነው እንጂ በሆድ ይገፋል እንዴ?»

ፌጦ ወቅጣ በሎሚ አጠጣችኝ። ፌጦው አፍንጫዬ ላይ ወጣ፤ አስነጠሰኝ፤ ሳስነጥስ ሆዴ የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ጮህኩ። ስጮህ እማዬ «ይኸው፣ እየሠራ ነው!» ብላ ደገመችልኝ። ማክሰኞ ጎረቤታችን እትዬ መጡና «ሆዷ ዞሮ ነው» ብለው በቫዝሊን ያሹኝ ጀመር። ኧረ እትዬ ብል፣ ኧረ በማርያም ብል ማን ይስማኝ! እማዬና እትዬ ከአናቴ በላይ ሲነጋገሩ፣ ስለ ሆዴ የማይጠየቀው ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ረቡዕ መቀመጥም አቃተኝ።

ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ትኩሳት ወይም ማስመለስ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ የለኝም አልኳት። አስተኝታ የሚያመኝን ቦታ በጣቷ ጫን አለችና «አሁን ራስሽን ከትራሱ ቀና አድርጊ» አለችኝ። ቀና ስል ባሰብኝ።

«የሆድ ጡንቻዋ ነው» አለቻት ለእማዬ። «ፌጦ እዚያ አይደርስም። ማሸት ይቅር። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉላት፤ ጀሪካን እንዳትሸከም። ትኩሳት ወይም ማስመለስ ከመጣ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ተመለሱ።» ወደ እኔ ዞረች፦ «ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ። ስታስይ ትራስ ሆድሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢ።»

«ነገ ማንበብ እችላለሁ?»

«አንብቢ። ብቻ አትሳቂ።»

ዓርብ፣ እማዬ አስገድዳኝ፣ ትራስ ታቅፌ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። ገና ሳልጀምር ተማሪዎቹ በትራሱ ሳቁ። አነበብኩ። ፍየሏ የሙሽራውን ስም በልታ ወደ ሙሽሪት ስም ስትሻገር ሰልፉ በሙሉ ፈነዳ፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ! እኔ የጻፍኩት ነገር ነው እኮ! ደስታው ከታች እየገፋ መጣ። ጥርሴን ነከስኩ፤ የባንዲራው እንጨት ላይ አፈጠጥኩ፤ አልሆነም፤ ሳቅኩ። ወዲያው ሆዴ ጨመደደኝና ትራሴ ላይ እጥፍ አልኩ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀርታኝ ነበር፤ በጣም የምወዳት። እንባዬ እየወረደ፣ ዝም እንዲሉልኝ በእጄ ለመንኳቸው። እነሱ ግን ያም የድርሰቱ ክፍል መሰላቸውና ሳቃቸው ባሰ።