የዱብሉቅ ሦስት

መምህር ወንዶሰን የነገሌ ጦር ሰፈር ልጅ ነው። ፊዚክስ እንዲያስተምር መጀመሪያ የተመደበው በጥልቅ የከብት ውኃ ጉድጓዷ በምትታወቀው በዱብሉቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከብት ውኃ ሲጠጣ ያያል። ተራ አስከባሪው ሽማግሌ፣ ኦቦ ዳዳቻ፣ የየመንጋውን ቀን በቃላቸው ያውቃሉ። ዛሬ የጠጣ መንጋ የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የሹም ከብትም ቢሆን ተራ አያልፍም።

ወደ ነገሌ ተዛውሮ በክረምት ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር የያዘው ርዕስ መምህራኑን ያስቃቸው ነበር። ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያሳልፉ ቁሶች አሉ፤ ከበረዶ እጅግ ቀዝቅዘው ሳለ «ከፍተኛ ሙቀት» የሚል ስም የወጣላቸው። ውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች አንዳንዴ እንደ ልብ መፍሰሱን ትተው መስመር ሠርተው ይሰለፋሉ። ለምን እንደሚሰለፉ ወንዶሰን በስሌት ሊደርስበት ፈለገ። እንኳን ላቦራቶሪ፣ የሚያስተማምን መብራትም የለውም፤ ያለው እስክሪብቶና ደብተር ነው። ለመነሻ ያህል በሰልፎቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ በአቶም ሲቆጠር፣ ሦስት ብሎ ያዘው፤ ከዱብሉቅ የሦስት ቀን ተራ ወስዶ። በልኬት የተገኘው ወደ አራት እንደሚጠጋ ያውቃል፤ መጨረሻ ላይ ሊያርመው ነበር። ስድስት ዓመት ለፋበት።

ደብተሩን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፀጋአብ። አንድ ግቢ ያደጉ፣ ከወንዶሰን እናት ከወይዘሮ ብዙወርቅ እጅ አብረው የጎረሱ ናቸው። ፀጋአብ አዲስ አበባ ለዶክትሬት ሲገባ ወንዶሰን ደብተሩን ሰጠው፤ ለአማካሪው እንዲያሳይለት። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ለመግባት የነበረው ተስፋ ያ ደብተር ብቻ ነበር። ፀጋአብ ግን አማካሪው እንዳልወደደው፣ ደብተሩም ቤት ሲቀይር እንደጠፋበት በስልክ ነገረው። ወንዶሰን አመነ። ጭራሽ ጓደኛውን አጽናናው፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው።

ደብተሩን በሰጠ በአራተኛው ዓመት፣ ተቋርጦ የነበረው የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ሲመለስ አንድ የታተመ የምርምር ጽሑፍ አገኘ። ከላይ የፀጋአብ ስም ብቻ። ስሌቱ ግን ከነቅደም ተከተሉ የወንዶሰን የራሱ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስት ተቀምጧል፣ ሳይታረም፣ ምክንያቱም ሳይነገር። ወንዶሰን ለእናቱ ሲነግራቸው ሌላ ፀጋአብ ይሆናል ብለው ተከራከሩት።

ከወር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፀጋአብ በልጅነታቸው ልማድ «አካም ወንዴ፣ ናጋ?» ብሎ ጀመረና የመመረቂያ ጽሑፉ ሊፈተን ሳምንት እንደቀረው ነገረው። ወንዶሰን ይቅርታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ ፀጋአብ። «ፈታኞቹ ለምን አራት አልሆነም እያሉኝ ነው። ሦስትን ከየት አመጣኸው?»

«ኦቦ ዳዳቻ ያውቃሉ» አለው ወንዶሰን። «ዱብሉቅ ሂድና ጠይቃቸው። ስትደርስ ግን ተራህን ጠብቅ።»

ስልኩን ዘጋው። አንድ ግቢ ያደገ ወንድሙ ነበር።