ያልመረጥኩት ሐይቅ

ጋራዡን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ የዚያ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሽታ ነው። ከመኪና ዘይቱና ከካርቶኑ መሀል ራሱን ችሎ ይመጣል፤ እርጥብ ጎማና የሐይቅ ዳር ሣር ይሸታል። ስንት ጊዜ ልጥለው አንስቼ መልሼ እንደሰቀልኩት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ግን ስለ ጃኬቱ ካነሳሁ ስለ አባዬ ዓይን መናገሬ አይቀርም፤ አንዱን ያለ ሌላው መንገር አልችልበትም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል ጨርሼ ሰመሩ ሲያልቅ ኮሌጅ ልገባ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ሦስታችን እንኖራለን፤ አባዬ የኤርፖርት ሹትል ይነዳል፣ እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በዚያ ሰመር የአባዬ ዓይን ከዳር ወደ መሀል እየጨለመ ነበር። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር ብሎታል። አባዬ ያውቃል፣ እማዬም ታውቃለች። እኔ ብቻ አላውቅም። "ኮሌጅ ትግባና እንነግራታለን" ተባብለዋል። እኛ ክፉ ወሬን መች በደረሰበት ሰዓት እንናገራለን? መርዶ እንኳ ንጋት ይጠበቅለት የለ?

ከልጅነቴ ጀምሮ የሐኪም ቀጠሮውንም፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤውንም የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት የሐኪም ደብዳቤ ለኔ መስጠት ተዉ። እንግሊዝኛቸው ተሻሻለ ብዬ ደስ አለኝ። አባዬ ከማታ ሺፍት ወደ ቀን ሲዛወርም እሰይ፣ አብሮን እራት ሊበላ ነው አልኩ። ቂል!

አባዬ በወጣትነቱ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በረሃው ላይ ጋቢናው በሙቀት አላስተኛ ሲላቸው ሹፌሮቹ ጭነቱ ላይ ይወጡና በጀርባቸው ይጋደማሉ። "ኮከቡ እኮ" ይለኝ ነበር፣ "እጅሽን ብትዘረጊ የሚበተን ነው የሚመስለው።" ሲያወራው ድምፁ ዝቅ ይላል። አንድ ጓደኛ ነበረው፣ የዚያው መንገድ ሹፌር የነበሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ። ትምህርታቸው በአማርኛ ስለነበር ከኛ ይልቅ አሳምረው ይናገሩታል። ጋሼ ነበር የምላቸው። ዴንቨር ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንድ አሮጌ አርቪ ገዙ፤ አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ቤት የሆነ መኪና። እማዬ መጀመሪያ ስታየው "ቤት ትተን ቤት ተሸክመን መሄድ ደግሞ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ጋሼ ቤታችን መጡና "በዚህ ሰመር ሐይቅ ዳር ወስጄ አሳድራችኋለሁ" አሉ። መምረጡ ለኔ ተሰጠ። ላፕቶፔን ከሽሮው ድስት አጠገብ ዘርግቼ ሁለት ሐይቅ አወጣሁ። አንደኛው ከከተማው ጥግ ነው፤ ጀልባ ይከራያል፣ ሻወር አለው፣ ለአርቪ የመብራት መሰኪያ አለው። ሁለተኛው ጋሼ የነገሩኝ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሜዳውን ይዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል፣ ጀልባ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ሽንት ቤቱም የጉድጓድ ነው።

"እዚያ ማታ ዓይን ቢወጉ አይታይም" አሉ ጋሼ፣ አባዬን እያዩ። "ኮከቡ የኛው የበረሃው ነው።"

አባዬ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። "እውነት?" አለ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ በመጪው ቅዳሜ የቅርቡ ሐይቅ ላይ ሊያድሩ ነበር። አንድ ልጅም ነበር። ለሱ ብዬ ነው። ዛሬ ስሙን ጥሪ ብትይኝ አላስታውስም፤ በእግዚአብሔር እልሻለሁ፣ ስሙን እንኳ አላስታውስም።

"ኧረ አባዬ፣ እዚያ ሄደን ምን ልንሠራ?" አልኩ። "ኮከብ እንደሆነ እዚህም አለ። ሰማይ አንድ አይደል?"

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አባዬን አየችው። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አባዬ ቀደማት።

"እሷ ደስ ይበላት። ለኔ የትም ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ?"

ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር የስንቱን ቤት ጉድ ሸፍኖ ይኖራል! አንዴ "አይሆንም፣ የሩቁ ይሁን" ቢለኝ ኖሮ አኮርፍ ነበር፣ ግን እሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ሐሳቡን እንዳይቀይር ብዬ እዚያው ምግቡ ሳይነሳ የቅርቡን ለቅዳሜ ቡክ አደረግኩት።

ቅዳሜው ደረሰ። እማዬ ውሃ ስለማታምን ለሁላችንም የመንሳፈፊያ ጃኬት ገዝታለች። አባዬ ብርቱካንማውን ለበሰና ቀኑን ሙሉ አላወለቀውም። በፔዳል የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ተከራይተን እኔና እሱ ወጣን። ውሃው ብርሃኑን ፊታችን ላይ ይረጨው ነበር፤ አባዬ ዓይኑን አጥብቦ "ዳርቻው የት ጋ ነው?" ይለኛል፣ "እዚያ ነዋ፣ አይታይህም?" እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቴም ሳቅኩበት። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ሲመሽ በየአርቪው ላይ ባለ ቀለም መብራት ተለኮሰ። ጄነሬተር ያንጎራጉራል፣ ሙዚቃው ከያቅጣጫው ይጮኻል፣ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። በምዕራብ በኩል የዴንቨር መብራት ሰማዩን አቅልቶታል። አባዬ ታጣፊ ወንበሩን ወደ ውሃው ዳር ወስዶ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተቀመጠ። በአንድ እጁ የመብራቱን ጮራ ይከልላል። ጋሼ አጠገቡ ቆመው "ታየህ?" ሲሉት ሰምቻለሁ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ወደ ጓደኞቼ እየሄድኩ ነበር።

ስመለስ ሰው ሁሉ ተኝቷል። እሱ እዚያው ነው። በርዶት ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶታል።

"እህ አባዬ፣ ኮከብ አየህ?"

"አየሁ እንጂ! ሞልቷል" አለኝ።

ቀና አልኩ። አራት ይሁን አምስት ኮከብ ነበረ፣ ወደ ኤርፖርት የሚወርድ አይሮፕላንም ነበረ። አላልኩም? ሰማይ አንድ ነው ብዬ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፌም መልካም ነበር።

ኮሌጅ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ደውላ "አባትሽ መንዳት አቁሟል" አለችኝ። ቀሪውን ቤት ስመጣ ጋሼ ነገሩኝ። ሐኪሙ "ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ዘንድሮ እየው" ብሎት ኖሯል። አባዬም "ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያን ኮከብ አንድ ጊዜ ከልጄ ጋር" ብሏቸው ኖሯል። አርቪውን ይዘው የመጡት ለዚያ ነበር። "ምነው ያኔ አልነገሩኝም?" ብዬ ጮህኩባቸው፣ በሽማግሌ ላይ። "አደራ ብሎኝ እንዴት ብዬ ልጄ?" አሉኝ። አሁን እሳቸው የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር።

በቀጣዩ ሰመር ወደ ሩቁ ሐይቅ ልውሰደው ብል "ተይው ልጄ፣ ጊዜው አለፈ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሦስት ዓመት ሐይቅ የሚባል አላነሳሁበትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ብዬ?

ባለፈው ነሐሴ ራሱ አነሳው። "ያ የጓደኛዬ ሐይቅ አለ?" አለኝ ቁርስ ላይ። ጃኬቴን አምጪልኝ ብሎ እሱኑ ለብሶ መኪና ውስጥ ገባ። እማዬ የጉድጓድ ሽንት ቤቱን ሰምታ "እኔን ተዉኝ" ብላ ቀረች።

ሲጨልም እውነትም ዓይን ቢወጉ የማይታይ ሆነ። ወንበሩን ውሃው ዳር ዘርግቼ አስቀመጥኩትና ቀና አልኩ። አምላኬ! እጅ ቢዘረጋ የሚበተን። ከአንዱ አድማስ እስከ ሌላው ክፍት ቦታ አልነበረም። ምን እንደወሰድኩበት ያን ጊዜ ነው በዓይኔ ያየሁት።

"እህ፣ ምን ይታያል?" አለኝ።

ብነግረው ያጣውን መቁጠር ሊሆንብኝ ነው። "ደመና ነው አባዬ" አልኩት።

እጁን ከጃኬቱ አወጣና አየሩን እንደሚዳስስ ዘረጋው።

"ደመና ባለበት ሌሊት እንዲህ አይበርድም" አለ። "ስንት ዘመን ጭነት ላይ ተኝቻለሁ እኮ ልጄ።"

አለቀስኩ። አፌን ብይዘውም ሰማኝ።

"ያን ጊዜ ምንም አላየህም፣ አይደል?" አልኩት።

"አይሮፕላን አይቻለሁ። ብዙ አይሮፕላን" አለ። እሱ ሳቀ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘኝና "በይ አሁን ንገሪኝ። ከውሃው በላይ ካለው ጀምሪ" አለኝ።

ጀመርኩለት። ደማቁን፣ ፈዛዛውን፣ ነጭ ዱቄት መስሎ መሀሉን የሚያቋርጠውን፣ አንድ በአንድ። እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጠኛል፤ ፊቱን ያዞረው ግን እኔ ወደምነግረው ሳይሆን ወደ ሌላኛው ወገን ነበር። አላረምኩትም። በዚያም በኩል ሞልቶ ነበር።