«ነፋሱ ነው» ያለው ሰውዬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ታርቄ ስላልታረቅኩ ነው። በአፉ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ውስጡ የሚነድ ሰው ካለ እሱ ይረዳኛል።

እኔ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከሥራዬ ውጭ አንድ ሱስ አለብኝ፤ ካይት፣ በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚንሳፈፈውን የጨርቅ ክንፍ ማብረር። ልጆች በፌስታል የሚሠሩት ዓይነት አይደለም። የእኔ ካይት በሁለት ገመድ የሚያዝ፣ ክንፉ ከቁመቴ የሚበልጥ ነው። ጨርቁ ከተሰበሩ ጃንጥላዎች የተሰበሰበ ሲሆን ዘንጎቹ ደግሞ አንድ ሎጅ ከጣለው አሮጌ ድንኳን የወጡ ናቸው። የሰፋችልኝ እህቴ አስቴር ናት። አስቴር ልብስ ሰፊ ናት። በእጇ ጥለት ስትገጥም ስፌቱ የት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ትእዛዝ ከጨንቻ ድረስ ይመጣላት ነበር።

ካይት ማብረሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ማሳረፉ ነው። ከላይ አውርደህ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አየር ላይ ታቆመውና በሁለቱ ክንፎቹ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታደርገዋለህ። ገመዱን ሳብ ስታደርገው ተመልሶ ይነሳል። አንዳንዴ በሆዱ አስተኛዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ክንፉ ጫፍ መሬቱን አስነክቼ መልሼ አስነሳዋለሁ። ዘዴው አንድ ነው፤ ሲወርድ አይጎተትም። ገመዱ እንዲላላ አንተ ራስህ ወደ ካይቱ ትሮጣለህ። ከጎተትከው እንደ ጦር ይወረወራል። ይህን እስክለምድ ስንት ዘንግ እንደሰበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመስቀል ማግስት ከሰዓት በኋላ ሴቻ ሰፈር ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣን። ደህና ነፋስ ነበር። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ከደጋ የወረደውም ዘመድ ቆሞ ያያል። ካይቱ ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ሰዉ «ወደቀ፣ ወደቀ» ይላል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ይስቃል። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ታደለ የመጣው ያኔ ነው። ከላንቴ ሙዝ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ ሰፈሩ ያከብረዋል። ፊት ለፊት «አንቱ» ነው የምለው፤ እዚህ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። ያን ሰሞን ለቅርጫ የተገዛ በሬ አምልጦ ሲሮጥ ገመዱን ይዞ ያስቆመው እሱ ነበር። ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ በሬውን ቀጥ አደረገው። ጎበዝ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«እስቲ አምጣው። በሬ ያስቆመ ሰው ጨርቅ ያቅተዋል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። ሜዳው ባዶ ሲሆን አለማምድዎታለሁ» አልኩት።

መች ሰምቶኝ! አንዱን የገመድ እጀታ ከእጄ መነጨቀ። ካይቱ አየር ላይ ነው፤ አንዱ ገመድ በእኔ፣ ሌላው በእሱ እጅ ሆኖ መብረር አይችልም። ላስለቅቀው ስታገል ሁለተኛውንም ወሰደው። ሰዉ ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

አስቴር ካይቱ በሚያርፍበት በኩል ነበረች። ሲወድቅ እያነሳች የምታቆምልኝ እሷ ናት፤ ካቆመችው በኋላ ሁልጊዜ ወደ ዳር ትወጣለች። ያን ቀንም ልትወጣ ስትል ጋሽ ታደለ «አንቺ፣ እዚያው ቁሚ፤ እግርሽ ሥር ነው የማሳርፍልሽ» ብሎ ጮኸባት። ትልቅ ሰው ነውና አፍራ ቆመች።

«አስቱ ውጪ» አልኩ። «ጋሼ፣ አይጎትቱት፣ ወደ ፊት ይሂዱ» አልኩ። ካይቱ አፍንጫውን ወደ መሬት ሲያዞር ሰውዬው ደነገጠ። ደንግጦም የሚያውቀውን አደረገ። ተረከዙን ተከለና እንደ በሬው ጎተተው።

አስቴር ለመሸሽ ጊዜ አላገኘችም። ዘንጉ ጨርቁን ቀዶ ወጥቶ ቀኝ ዓይኗን መታት።

ሆስፒታል የወሰደን በራሱ መኪና ነው፤ አልክድም። ግን መሪውን እንደያዘ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነፋሱ ነው እኮ፤ ድንገት ዞረ።» እህቴ ከኋላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዛ ታቃስታለች፣ ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፣ እሱ ስለ ነፋስ ያወራል። በር ላይ ለጥበቃው «ነፋስ ነው» አለ። ለሐኪሙም «ነፋስ ነው» አለ። ነፋሱ አልዞረም። ቢዞር ከእኔ በፊት ማን ሊያውቅ ነው?

ሐኪሙ ዓይኗ እንደሚተርፍ፣ ምን ያህል እንደምታይበት ግን ገና እንደማይታወቅ ነገረን። እኔ ያሰብኩት መርፌዋን ነው። ያለዚያ ዓይን አስቴር ምን ሠርታ ትኖራለች?

ንዴቱ እንቅልፍ ነሳኝ። «መጋዘኑ ድረስ ሄጄ አንቄ አናግረዋለሁ» ብዬ ሰው ፊት ዛትኩ። ዛቻዬ ጆሮው ደረሰና ሽማግሌ ላከ።

የአገራችንን ወግ ለማያውቅ ልንገር። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ አለቀ። ዱላ አንስተህም ከሆነ ትጥላለህ። ያንን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ ከሰው አይቆጠርም። ወጉ ስንት ደም አስቀርቷል፤ እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠላሁት።

አባባ ኦይታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢያችን ገቡ። አባታችን ሲሞት እኛን ያጽናኑን እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለቅሶ ቤት እንኳ ከወንበር አይወርዱም። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሣር ይዘው ሲሚንቶ ላይ የተንበረከኩልኝ። ጋሽ ታደለ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ልጄ፣ ቁጣህን ለዚህ ሣር ስጠው» አሉኝ።

«እሰጣለሁ፣ አባባ። ግን መጀመሪያ እሱ ‹እኔ ነኝ የጎተትኩት› ይበል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ጋሽ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም የነፋስ ነገር...» አለ።

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት ሽማግሌ አንበርክኮ ይዋሻል? «እንግዲያው አልታረቅም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ አልተነሱም። ቆይቶ አባባ ኦይታ አንድ እጃቸውን ሲሚንቶው ላይ ተደገፉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

አስቴር ከቤት ወጣች። ዓይኗ በፋሻ ታስሯል። ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ ሣሩን ከእጃቸው ተቀበለች። «ይነሱ አባባ፣ ታርቀናል» አለች፤ ክንዳቸውን ደግፋም አነሳቻቸው። እሷ ከተቀበለች እኔ ምን አፍ አለኝ? «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ጋሽ ታደለ እፎይ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ።

ሲሄዱ ጮህኩባት። «በምን አንጀትሽ ነው?»

«ለእሱ መሰለህ?» አለችኝ። «ለአባባ ጉልበት ነው። ሲዋሽማ እኔም ሰምቻለሁ።»

ቁስሉ ድኗል። ዓይኗ ብርሃን ያያል፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን አያይም። በደህናው ዓይኗ ብቻ ስትሠራ ራሷን ያማታል። አሁን ጥለት መግጠሙን ትታ በማሽን መጋረጃና አንሶላ ትሰፋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጋሽ ታደለ ሱቄ መጣ። ልጁን ሊድር ነው። «የሙሽራዋን ቀሚስ ጥለት አስቴር ትግጠምልኝ። እንደ እሷ የሚችል የለም» አለኝ።

«ጥለት መግጠም ትታለች» አልኩት።

«ምነው?» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። የያዝኩትን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ሣር ተቀብለናላ። «ዓይኗን ያማታል» አልኩት።

«ውይ፣ እግዜር ይማራት» ብሎ ወጣ።

እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱ ግን ለምን ይቅር እንደተባለ እንኳ አያውቅም።