የጎረቤታችን ፍሬን

ባለቤቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግቢያችን ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አዳልጦት ወደቀና የጀርባው አጥንት ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም አለ። ወገቡን አጥብቆ የሚይዝ ሰፊ ቀበቶ አስታጠቀውና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ራጅ እንዲነሳ ቀጠረው። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ፣ አጥንቱ እንዴት እየያዘ እንደሆነ በጊዜው ካልታየ ጎብጦ ሊቀር እንደሚችል ነገረኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው።

ያን ቀን ከዘነበወርቅ ሆስፒታል ወደ ቤት የመለሰን ጎረቤታችን ነው። ከእነሱ ጋር የምንለያየው በአንድ አጥር ብቻ ነው። አጠና ተራ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ባለቤቱም አብራው ትውላለች። በረመዳን ሳምቡሳ ይልኩልናል፣ እኛም ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እንልክላቸዋለን። መኪናውን ከገዛ ዓመት አልሞላውም፤ መንጃ ፈቃዱም በዕድሜ ከመኪናው ብዙ አይበልጥም። የባለቤቴን መውደቅ እንደሰማ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ሆስፒታል ድረስ መጣ።

ባለቤቴን ደግፈው ፊት ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ሰው ሁሉ ጎረቤታችንን ቀስ ብለህ ንዳ አለው። የሆስፒታሉ ዘበኛም አለው፣ እኔም አልኩት። እሱም ቃሉን ጠበቀ፤ ብስክሌት ሳይቀር እየቀደመን ነው የመጣነው። ነገር ግን ጉብታ ባየ ቁጥር አፍንጫው ስር እስኪደርስ ይጠብቅና ድንገት ፍሬን ይይዛል። ጉብታውን ሲያልፍ ደግሞ እንደ ደነገጠ ሰው ነዳጁን ይረግጣል። እኔ ከኋላ ሆኜ የባለቤቴን እጅ ነበር የማየው። ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጦ ቀረ። ቀራንዮ መድኃኔዓለምን ስናልፍ ለመሳለም እንኳ እጁን አላላቀቀም። ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ቤት ስንደርስ ግን ጎረቤታችንን መረቀው፤ ምንም አልተሰማኝም አለው።

የቀጠሮው ሳምንት ሲደርስ አልሄድም አለ። መጀመሪያ ተሽሎኛል አለኝ። አልተሻለውም፤ ካልሲውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ሰውየውን ከሥራው አናስፈታው አለ። ታክሲ እንጥራ አልኩት። ጎረቤታችን መኪናውን ደጃችን ላይ አቁሞ፣ በወጣ በገባ ቁጥር ቀጠሮው መቼ ነው እያለ ሲጠይቅ፣ ሌላ መኪና መጥራት ፊት መንሳት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወሬው ዞሮ ዞሮ አልሄድም ላይ ይቆማል።

አንድ ጠዋት ቀበቶውን ሳጠብቅለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ስወድቅ ካመመኝ ስመለስ ያመመኝ ይብሳል አለኝ።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» አልኩት።

«ሥራውን ትቶ ላደረሰኝ ሰው አነዳድህ ገደለኝ ልበለው?»

እኔም ብሆን አልለውም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ወላጆቿ ከሱቅ እስኪመለሱ እኛ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ታጠናለች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ፊዚክስ አልጠላም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፈልጌውም አላውቅ። በቀጠሮው ዋዜማ የያዘችው የቤት ሥራ አክሰለሬሽን፣ ፍጥነት በየሰከንዱ በስንት እንደሚለወጥ የሚለካው፣ ነበር። በሰከንድ አሥራ ሁለት ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በሦስት ሰከንድ ቢቆም አክሰለሬሽኑ ስንት ነው ይላል። አራት ብላ ጽፋለች። ከመጨረሻው ቬሎሲቲ ላይ የመጀመሪያውን ቀንሺ፣ ከዚያ ለጊዜው አካፍዪ አልኳት። ዜሮ ሲቀነስ አሥራ ሁለት፣ ለሦስት ሲካፈል ማይነስ አራት ሆነ።

መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ማይነሱ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችኝ። ማይነሱ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱ እየተቀነሰበት ነው ማለት ነው አልኳት። ቀጣዩ ጥያቄ ያንኑ መኪና በስድስት ሰከንድ ያቆመዋል። ማይነስ ሁለት ብላ ጻፈችና ገጹን ገለጠች።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። መኪናው ያው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ለመቆም የተሰጠው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ግን ፍሬኑ በግማሽ ለዘበ። እርሳሷን ተቀብዬ ከዳር የራሴን ጥያቄ ጻፍኩ፤ ጎረቤታችን ያን ቀን እንደነዳው ያለ የሚያዘግም መኪና፣ በሰከንድ አምስት ሜትር ብቻ እየሄደ በአንድ ሰከንድ ቢቆምስ? ማይነስ አምስት መጣ። ከፈጣኑ መኪና ባሰ። ሁላችንም ቀስ በል እያልን ስንለምነው የነበረው ፍጥነቱን ነው። የባለቤቴን ጀርባ የጎዳው ግን ፍጥነቱ አልነበረም።

ጎረቤታችን ልጁን ሊወስድ ሲመጣ አረፍ በል አልኩት። ልጅህ ዛሬ ጥሩ ሠርታለች፣ እስቲ እይላት ብዬ ደብተሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ በትራስ ተደግፎ እዚያው ሳሎን ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከትምህርት ቤት የሸሸሁት ይሄንን ነው» አለ።

«አባዬ ነጋዴ ነው፣ ማይነስ ያመዋል» አለች ልጅቱ።

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችው። የእኔ ጥያቄ ጋ ሲደርሱ ግንባሩን ቋጠረ። ቀስ ብሎ የሚሄደው እንዴት ከፈጣኑ ይበልጣል ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

የመለሰለት ባለቤቴ ነው። «ዘግይቶ ስለሚይዝ ነዋ» አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስለ መንዳት ሲያወራ አልሰማሁትም ነበር። አውቶብስ ሲነዳ የቆመ ተሳፋሪ ብረት ፍለጋ እጁን ሲሰድ በመስታወት ካየ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይቆጥር እንደነበር አወራው። ፌርማታው ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፤ የቀረውን አውቶብሱ ራሱ እየደከመ ይጨርሰዋል። «ማቆም የሚጀመረው ከሩቅ ነው» አለ።

ጎረቤታችን ደብተሩን ከደነ። ዓይኑ የባለቤቴ ቀበቶ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አሞዎት ነበር?»

ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እንደ ልማዱ ምንም አልሆንኩም የሚል መስሎኝ ነበር።

«ትንሽ» አለ።

«እኔ ትንሽ የሚባል ፍሬን አልያዝኩም እኮ ጋሼ» አለ ጎረቤታችን።

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቱ ናት። ባለቤቴም ሳቀ፤ ሳቁ ስለሚያመው ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞ። ጎረቤታችን ግን አልሳቀም። ነገ ጠዋት እኔ ነኝ የምወስድዎት፣ ከጎኔ ተቀምጠው እግሬን መቼ እንደማነሳ ይነግሩኛል አለው። ባለቤቴ እምቢ አላለም።

በማግስቱ ኮብልስቶኑን ጨርሰን አስፋልት ስንገባ ባለቤቴ ጉብታውን ገና ከሩቅ እያየ «ልቀቅ» ይላል፤ ጎረቤታችንም ነዳጁን ይለቃል። መኪናዋ እየደከመች ሄዳ ጉብታው ላይ በቀስታ ትወጣለች። እየቆየ «ልቀቅ» ማለቱም ቀረ፤ የጎረቤታችን እግር ራሱ መነሳት ጀመረ። መድኃኔዓለም ጋ ማንም ሳይነግረው ከሩቅ ለቀቀ። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ተሳለመ።

ዘነበወርቅ ልንደርስ ስንል አንድ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ፊታችን ተሰነቀረ። ጎረቤታችን ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ባለቤቴ ጮክ ብሎ አቃሰተ። ጎረቤታችን መኪናውን ዳር አስይዞ ይቅርታ ለመነ። ባለቤቴ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

«ይሄኛውን እኔም እይዘው ነበር» አለው። «በል ንዳ።»

ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። አጥንቱ ቀጥ ብሎ እየያዘ ነው አለ፤ ቀበቶው ለጊዜው እንዳይወልቅ አዘዘ። ውጭ ቆሞ ሲጠብቀን ለነበረው ጎረቤታችን ስነግረው አልሐምዱሊላህ አለና የመኪናውን በር ከፈተ።

ስንመለስ ባለቤቴ መያዣውን አልነካም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ መንገዱን ያይ ነበር፤ ከዚያ ማየቱንም ተወ። ቀራንዮ ስንቃረብ አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ አየሁት፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ጎረቤታችን በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ደጃችን ላይ ስንቆም ባለቤቴ አልነቃም ነበር።